ባትሪሽ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ሶኬትሽ ነው

ጥያቄው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢዋይዲ ሲጋል ገዛሁ፣ ትልቁን ባትሪ፣ 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለውን። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነው ያስመጣሁት። ሐረር ሱቅ ስላለኝ በሳምንት ሁለቴ እመላለሳለሁ። ባለፈው 100 ሞልቼ ወጥቼ ሐረር ስገባ 72 ሆነ፣ ድሬ ስመለስ 60። 55 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ 28 ፐርሰንት ከበላ 405 ቀርቶ 200ም አይሄድም ማለት ነው። ባለቤቴ የሞተ ባትሪ ነው የሸጡልሽ ይለኛል። የሸጠልኝ ሰውዬ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ዜሮ አድርሰሽ 12፣ 12 ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ነበረብሽ አለ። ቻርጅ የማደርገው ከማድ ቤት በዲቫይደር ስቤ ነው። አብሮት የመጣው ቻርጀር መጀመሪያ ቀይ እያበራ እምቢ ብሎ ነበር፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን አስተካከለልኝ፣ አሁን ይሠራል፣ ብቻ ሶኬቱ ይግላል፣ አንዳንዴም በባዶ እግሬ ሆኜ የመኪናውን በር ስነካ ትንሽ ይነዝረኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚፈጅብኝ የ7 ኪሎዋቱን የግድግዳ ቻርጀር ልግዛ? ባትሪውስ ይስተካከላል?»

ባትሪውን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን «ብቻ» ብለሽ እንደ ቀላል ነገር ያለፍሻት መስመር። መኪናው የሚነዝርሽ ከሆነ ዛሬ ማታ አትሰኪው፣ ነገም አትሰኪው፣ ከታች የምለው እስኪሠራ ድረስ ያ ገመድ መኪናው ጋ እንዳይደርስ። 60 ፐርሰንት አለሽ አይደል፣ ሐረርን ለጊዜው በሚኒባስ ሂጂ፣ ድሬ ውስጥ ለመዟዟር ሳምንት ይበቃሻል። ግቢ ውስጥ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ካለ ደግሞ ይሄ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ያ ቀይ መብራት እኮ ብልሽት አልነበረም፣ ሥራውን እየሠራ ነበር። ቻርጀሯ ሳጥን ኃይል ከመልቀቋ በፊት «የመሬት ሽቦ አለ ወይ?» ብላ ትፈትሻለች፣ ካጣች ቀይ ታበራለች፣ አልሰጥም ትላለች። ለምን አጣች? ከቻይና የመጣው ፕላግ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው ያለው፣ የኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው፣ መሃል ላይ ከታይዋን ገበያ የተገዛች አዳፕተር ትገባለች፣ አብዛኞቹ አዳፕተሮች ደግሞ ሁለት እግር ብቻ ናቸው። ሦስተኛዋ፣ የመሬቷ እግር፣ እዚያው ቀረች። አዳፕተሩ ባለ ሦስት ቢሆንም እንኳ ድሬ ውስጥ ቆየት ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ ሶኬቱ ላይ የኧርዝ፣ የመሬት ሽቦው ማለት ነው፣ ቦታ ይኑራቸው እንጂ ከኋላው ሽቦ የላቸውም። እና ኤሌክትሪሺያኑ ምን አደረገ? በገለጽሽው ሁኔታ ዘጠና ከመቶ የምገምተው፣ ቁራጭ ሽቦ ቆርጦ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶታል። ጃምፐር ይሉታል። ሳጥኗ ተታለለች፣ አረንጓዴ አበራች፣ እሱም ብሩን ተቀብሎ ሄደ።

ይሄ ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገርሽ። ኒውትራል ባዶ ሽቦ አይደለም፣ መኪናው የሚስበው ኃይል ሁሉ ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ የተወሰነ ቮልት እሱ ላይ ይቀራል፣ የሰፈሩ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ከመሬት 20 ቮልት ከፍ ብሎ የለካሁበት ቤት አለ። ያ ቮልት በጃምፐሩ በኩል የመኪናው ቆርቆሮ ላይ ይወጣል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመሽ በሩን ስትነኪ ይነዝርሻል። እሱ ትንሹ ነው። ያ ኒውትራል ከሶኬቱ ወደ ቆጣሪው ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ቢላቀቅስ? የላላች ቪስ ትበቃለች፣ ያን ጊዜ ሙሉው 220 መኪናው ላይ ይቀመጣል። መኪናው ጎማ ላይ ስለቆመ ወደ መሬት የሚወርድበት የለውም፣ መውረጃው የነካው ሰው ነው የሚሆነው። ሳጥኗ ውስጥ መከላከያ የለም ወይ ትይኝ ይሆናል፣ አለ፣ ግን ይሄን አያይም። እሱ የሚያወዳድረው በፌዝ፣ ማለትም ኃይሉ በሚመጣበት ሽቦ፣ የሄደውን በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ነው፣ እዚህ ጋ ሁለቱም በሱ ውስጥ እኩል ነው የሚያልፉት፣ ከሱ ኋላ ጃምፐሩ ጋ ዞረው በመሬት ሽቦው ወደ መኪናው ይመለሳሉ፣ ሒሳቡ ልክ መጣ ብሎ ዝም ይላል። ጃምፐሩ አዳፕተሩ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ክብ እግር ፕላግ ተገልብጦም ይገባል፣ ተገልብጦ የተሰካ ቀን ፌዝና ኒውትራል ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ምንም ሽቦ ሳይላቀቅ መኪናሽ ራሱ ፌዝ ይሆናል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው፣ ግን አንቺ እንዳትከፍቺው። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ፣ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ሶኬቱንም ዲቫይደሩንም አዳፕተሩንም ይፍታቸው። ከአንዱ ቀዳዳ ጀርባ ተነስታ ጠርዝ ላይ ወዳለችው የኧርዝ ብረት የምትሄድ የጣት ክፋይ የምታህል ቁራጭ ሽቦ ካየሽ እሷ ነች። ትውጣ። «ከወጣች እኮ ቻርጅ አያደርግም» ቢልሽ፣ አዎ፣ አያድርግ።

አሁን ሙቀቱ። ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፣ ያቺ ትንሽ ሳጥን በ16 አምፔር ስትሠራ የምትስበው 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ የእንጀራ ምጣድሽ ያህል በይው። ልዩነቱ ምጣዱን አንድ ሁለት ሰዓት ጋግረሽበት ታጠፊዋለሽ፣ መኪናው ግን ያንኑ ያህል አምስት ስድስት ሰዓት ሳያርፍ ይስባል። ምጣዱን ዓመታት የቻለ ሶኬት መኪናውን በወር ውስጥ ሊያቃጥል የሚችለው ለዚህ ነው። አዳፕተሯ ውስጥ ትንሽ ላላ ያለ መገናኛ አለ እንበል፣ 0.1 ኦም ብቻ፣ በ16 አምፔር 25 ዋት ሙቀት ታወጣለች። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥባት የምትግለዋ ብረት እኮ እሷው ያህል ነች። ያችን ብረት ፕላስቲክ ውስጥ ቀብረሽ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለሽ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ከዚራ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ መኪናው ቻርጅ እያደረገ መሃል ላይ ያቆማል ተብሎ። ቆጣሪው ጋ ስለካ 216 ቮልት ነው፣ ቻርጅ እያደረገ ሶኬቱ ጋ ስለካ 197። 19 ቮልት መንገድ ላይ ጠፋ፣ በ16 አምፔር ስታባዢው 300 ዋት፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቃጠል። ሶኬቱን ስፈታው ነጩ ፕላስቲክ የወፍራም ሻይ ቀለም ይዞ ጠርዙ እንደ ሻማ ፈሷል፣ ከኋላው ያለው ሽቦ ልባሱ ደርቆ ስነካው እንደ ብስኩት ተሰበረ። ሽታው ደግሞ የዓሣ ነው፣ የሚቃጠል ሶኬት ብዙ ጊዜ የከረመ ዓሣ ነው የሚሸተው። የቤቱ እመቤት ሦስት ቀን ሙሉ ድመት የሆነ ነገር ይዛ ገብታለች ብላ ቁም ሳጥን ስር ስትፈልግ ከርማለች። ግቢሽ ውስጥ ዓሣ ሳይኖር ዓሣ ከሸተተሽ ዋናውን አጥፊ።

እንግዲህ የሚሠራው ይሄ ነው፣ ለኤሌክትሪሺያኑ እንዳለ አንብቢለት። ከማድ ቤት አይሳብ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው ሳጥን ለመኪናው ብቻ የሚሆን የራሱ መስመር ይውጣ፣ ባለ 6 ሚሊ ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ሦስት ሆኖ፣ ፌዝ ኒውትራል ኧርዝ። ሰው 2.5 ይበቃል ይላል፣ ለ16 አምፔር በወረቀት ይበቃል፣ ግን 30 ሜትር ርቀት ላይ 2.5 ከ100 ዋት በላይ ያቃጥላል፣ 6ቱ 45 ገደማ። አንዳንድ ቤት ውስጥ የማገኘው ባለ 1.5 ደግሞ 180 ይጠጋል። የሽቦውን ልዩነት አንዴ ነው የምትከፍዪው፣ ወደፊት ትልቅ ቻርጀር ብትፈልጊም መስመሩ ዝግጁ ነው። መነሻው ላይ የ20 አምፔር ብሬከር፣ ከሱ ጋር የኧርዝ ሊኬጅ መቁረጫ (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያቋርጠው)፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚል፣ ሲገዛ ታይፕ ኤ የሚል ይፈለግ፣ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ታይፕ ኤሲ ለመኪና አይመከርም። መጨረሻው ላይ ዲቫይደርም አዳፕተርም የለም፣ የቻርጀርሽን ጠፍጣፋ እግር በቀጥታ የሚቀበል ባለ 16 አምፔር ሶኬት ግድግዳው ላይ ይታሰር። እሱ ከጠፋ የቻርጀሩን ፕላግ አስቆርጠሽ ሰማያዊውን ክብ የኢንዱስትሪ ፕላግና ሶኬት አስገጥሚ፣ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሙሉ አምፔሩን እንዲሸከም የተሠራ ነው፣ የሚረጭ ውሃም አይፈራም።

የመሬቱ ነገር ድሬ ላይ ለብቻው ወሬ አለው። አፈራችን አሸዋ ነው፣ ከላይ ደረቅ ነው፣ ደረቅ አሸዋ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። አዲስ አበባ ጭቃ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ቀብሮ የሚጨርስ ሰው እዚህ መጥቶ ያንኑ ቢያደርግ ዘንግ ተቀበረ እንጂ ኧርዝ ተሠራ አይባልም። በቀበረው ላይ በኧርዝ መለኪያ ይለካ፣ ከ10 ኦም በታች ከመጣ አሪፍ ነው፣ ካልመጣ ሁለተኛ ዘንግ፣ ከመጀመሪያው ቢያንስ የዘንጉን ቁመት ያህል ርቆ፣ ከዚያም ሦስተኛ፣ ሁሉም በመዳብ ይያያዙ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚፈስበት ወይም አትክልት የሚጠጣበት ጥግ ካለሽ እዚያ ይቀበር፣ እርጥበት ያለበት ቦታ ዋጋው ከዘንግ ይበልጣል። ጨውና ከሰል የሚጨምሩ አሉ፣ ይሠራል፣ ግን ጨዉ ዘንጉን ይበላዋልና በየጊዜው ማስለካትሽን እንዳትረሺ። በቧንቧ ላይ የሚያስሩትን ግን እንዳትፈቅጂ፣ ዛሬ ግማሹ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው።

ባትሪው። ቁጥሮችሽን ሳይ ደስ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም የሞተ ባትሪ እንደዚህ አያደርግም። ሲሄድ 28፣ ሲመለስ 12። የሞተ ባትሪ ሲሄድም ሲመለስም ይበላል እንጂ ለመልስ ጉዞ አይራራም። በልቶብሽ የነበረው የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፣ የሐረር መንገድ ላይ ያለችው ሀሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። መኪናሽ ከነሰውና ዕቃው 1,500 ኪሎ ነው እንበል፣ እሱን 800 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ብቻውን ከ3 ኪሎዋት አወር በላይ ይፈልጋል፣ ብክነቱ ሲጨመር 3.7 በይው። መንገዱ ሜዳ ቢሆን 55 ኪሎ ሜትሩ 6.6 ይወስዳል። ደምሪው፣ 10 ሞላ፣ ያንቺ ባትሪ 38.88 ኪሎዋት አወር ነው፣ ስለዚህ 26 ፐርሰንት። ኤሲ ከፍተሽ፣ ከኋላ ዕቃ ጭነሽ 28 ቢመጣ ምን ይገርማል? ስትመለሺ ደግሞ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፣ ሁሉንም አይደለም፣ ከግማሽ በላይ። ደርሶ መልስ 40 ፐርሰንት፣ ይሄ ቁጥር ከጤነኛ ሲጋል የምጠብቀው ነው። ለባለቤትሽ ይሄን አሳዪውና የበርጫ ወሬውን ይተው።

405ቱ ራሱ የቻይና መለኪያ ነው፣ ሲኤልቲሲ የሚባል፣ በዝግታ የሚነዳ የከተማ ጉዞ የሚበዛበት፣ ኤሲም የሌለበት። ስክሪኑ ላይ የምታይው ኪሎ ሜትርም ብዙ ጊዜ ፐርሰንቱን በ405 ያባዛ እንጂ ያንቺን አነዳድ ያየ አይደለም፣ 72 ሲሆን 291 ይልሻል፣ እሱን አምነሽ መንገድ እንዳትወጪ። ፐርሰንቱን ብቻ ተከተዪ። ድሬ ከተማ ውስጥ በሰላም ከነዳሽ 320 ገደማ፣ የሐረር መንገድ ላይ 270 አካባቢ፣ ሜዳ መንገድ በ100 ከሮጥሽ ደግሞ እሱም ይቀንሳል፣ ነፋሱ ነው የሚበላው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ኤሲው ሌላ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ያ ማለት ግን ለመቆጠብ ብለሽ መስኮት ከፍተሽ ተጠበሺ ማለት አይደለም፣ ትንሽ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ሪጄኑን፣ ያንን ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልሰውን፣ ከፍተኛው ላይ አድርጊው። ደንገጎን ስትወርጂ ከፊትሽ ያለው ሲኖ ትራክ ፍሬኑ ሲሸት አንቺ ፍሬን ሳትነኪ ባትሪ እየሞላሽ ነው የምትወርጂው። አንድ ነገር ግን፣ ባትሪው 100 ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሪጄኑ ይደክማል፣ ከእግር ፍሬን ጋር ብቻ ትቀሪያለሽ። ከሐረር ለሚነሳ ሰው ችግር የለውም፣ ደንገጎ እስኪደርስ ባትሪው ቦታ አግኝቷል። ለቁልቁለቱ ቅርብ በሆኑት ሀሮማያ ወይም አደሌ የሚያድር ሰው ግን ጠዋት ወደ ድሬ የሚወርድ ከሆነ 90 ላይ ያቁመው።

ዜሮ አድርሰሽ ሦስት ጊዜ ሙዪው የሚለው ነገር የድሮ የኒኬል ባትሪ ምክር ነው፣ የጥንት ሞባይልና ባለ ባትሪ ሬዲዮ ጊዜ። ለሊቲየም ጉዳት ነው እንጂ ጥቅም የለውም፣ 12 ሰዓት ሰክተሽ ብትተዪው እንኳ መኪናው ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ያላደረግሽው ነገር የለም፣ አልዘገየም፣ የተበላሸም የለም። ያንቺ ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ነው፣ እሱ በሳምንት አንዴ እስከ 100 መሞላት ይወዳል፣ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ፐርሰንት የሚያውቀው ያኔ ነው፣ ካልሆነ 15 እያለሽ ቆይቶ ድንገት 5 ይልሻል። ጎረቤትሽ የቮልስዋገን አይዲ 4 ካለውና «እኔ ከ80 አላሳልፍም» ካለሽ እሱም ልክ ነው፣ የሱ ባትሪ ሌላ ዓይነት ነው፣ ምክራችሁን አትለዋወጡ። ላንቺ የምለው፣ ለሐረር በምትወጪበት ዋዜማ 100 ሙዪ፣ በቀረው ቀን ከ30 እስከ 80 መሃል ትዋል። ሲሞላ ቆሞ እንዲውል ግን አታድርጊ፣ የባትሪ ጠላት ሙሉነትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፣ ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱን የሚከለክለው የለም። ቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማዋ በሯን ዘግታ ስታርፍ መኪናሽም ከኒም ዛፍ ስር ትረፍ፣ ከሐረር እንደመጣሽም ወዲያው አትሰኪ፣ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ። ወር ሁለት ወር የምትሄጂ ከሆነ 50 ላይ ትተሽው ሂጂ።

የ7 ኪሎዋቱ ቻርጀር ላይ መልሴ አጭር ነው፣ አትግዢ። ከሐረር ደርሶ መልስ ያጎደልሽው 15 ኪሎዋት አወር ከሆነ፣ ብክነቱን ጨምረሽ 17፣ በ3.5 ኪሎዋት አምስት ሰዓት ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰካሽ ከሌሊቱ 9 ላይ አለቀ። አንቺ ተኝተሽ ነው፣ ከሌሊቱ 9ም ይለቅ 7 ምን ቸገረሽ? ቻርጀርሽ አምፔር መምረጫ ካላት እንዲያውም 10 ላይ አድርጊያት፣ ስምንት ሰዓት ትፈጃለች፣ ሽቦውም ሶኬቱም ሳይግል ያድራል። 7 ኪሎዋት ማለት 32 አምፔር ነው፣ በሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ላይ ምጣድና ማሞቂያ ሲነሳ ዋናው ይወድቃል፣ እሱን ለማድረግ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋ ሄደሽ ኃይል ማስጨመር አለብሽ። ለዚያ የምታወጪውን ብር ግማሹን ለሽቦና ለኧርዝ አድርጊው፣ ግማሹ ይትረፍሽ። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የታክሲ መኪና ቢሆን መልሴ ሌላ ነበር።

መብራት ሲሄድ መኪናው አይጎዳም፣ ሲመጣ አብዛኞቹ ራሳቸው ይቀጥላሉ። የሚጎዳው አመጣጡ ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ ሲመጣ። ስለዚህ መስመሩ ላይ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር አስገጥሚ፣ ሳጥን ውስጥ ከብሬከሩ ጎን የምትታሰረዋን፣ 40 ወይም 63 አምፔር፣ ከ180 በታች ከ250 በላይ እንድትቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቃ እንድትሰጥ አድርገው ይሙሏት። ለቴሌቪዥን የሚሸጠውን ስታቢላይዘር ግን ለዚህ አትግዢ፣ 3,000 የሚል ተጽፎበት 3.5 ኪሎዋት ለአምስት ሰዓት አይችልም፣ እሱ ራሱ ሁለተኛ ምድጃ ነው የሚሆነው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ የሚስብበት ሰዓት ላይም አትሰኪ፣ ቮልቴጁ ያኔ ነው የሚወርደው። የመብራት ሂሳብ ለምትፈሪው፣ ታሪፉ በብሎክ ስለሆነ የመኪናው ፍጆታ ወደ ላይኛው ብሎክ ይገፋሻል፣ ቢሆንም ለዚያው ለሐረር መንገድ ቤንዚን ከምትቀጂበት ጋር አይወዳደርም፣ 17 ኪሎዋት አወር በላይኛው ታሪፍ አባዢውና ራስሽ እዪው።

ወደ አዲስ አበባ በመኪናው ልውጣ ብትዪ፣ እንዳመጣሻት በጭነት ትመለስ ወይም መንገዱ ላይ ቻርጀር መኖሩን ብቻ ሳይሆን የዚያን ቀን መሥራቱን ደውለሽ ሳታረጋግጪ አትነሺ። ስትደውዪ የምትጠይቂው «ጂቢቲ አለ ወይ?» ብለሽ ነው፣ ያንቺ መሰኪያ የቻይናው ነው፣ ለቀስታው ሰባት ቀዳዳ፣ ለፈጣኑ ዘጠኝ። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ብቻ ያለው ጣቢያ ለአንቺ የለም ማለት ነው። «አዳፕተር አለ» ይሉሻል፣ ለቀስታው ቻርጅ አዳፕተር ችግር የለውም፣ ለፈጣኑ ግን ሁለቱ መሰኪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራሱ የተለያየ ስለሆነ መሃል ላይ አስተርጓሚ ኮምፒውተር የሌለው ርካሽ አዳፕተር ቢገባ አይሠራም፣ ከሠራም እኔ አጠገቡ አልቆምም። ፈጣን ቻርጅ ባትሪ ይገድላል የሚለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው፣ ለመንገድ አንድ ሁለቴ ምንም አይለውም፣ የየዕለት ምግብ አታድርጊው እንጂ።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ዝናብ ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፣ መኪናው ላይ የሚሰካው ጫፍ ውሃ አያስገባም፣ መሬት ላይ የሚጎተት የዲቫይደር ጭንቅላት ነው የሚገድለው፣ እሱን ደግሞ አስወጥተነዋል። አሸዋ ወንዝ ውስጥ ጎርፍ ሲመጣ ግን «ቪ8 ካለፈ እኔም አልፋለሁ» የለም፣ የአንቺ ባትሪ ወለሉ ስር ነው፣ የደቻቱ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ 1998 ክረምት ያየነው ነው። ሁለተኛው ኩላንት ነው፣ ከፔጆ 404 ጋር ያደገ መካኒክ ጎድሏል ብሎ የቧንቧ ውሃ ሊጨምርበት ይችላል፣ እንዳይነካው። የድሬ ውሃ ምን ያህል ኖራ እንዳለው ጀበናሽና የሻይ ማንቆርቆሪያሽ ያውቃሉ፣ ያ ኖራ ሞተሩ ውስጥ ሲጋገር ማየት አትፈልጊም። የሞተር ዘይት ልቀይር ቢልሽ ደግሞ የት እንደሚጨምረው እንዲያሳይሽ ጠይቂው።

አዲሱ መስመር ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አድርጊ። ቀን ላይ ሰኪው፣ በ10 አምፔር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅሽን የሶኬቱ ፊት ላይ አሳርፊ። ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅሽን አሥር ሰከንድ ማቆየት ካቃተሽ ነቅለሽ ሰውየውን መልሰሽ ጥሪ። ኧርዝ ሊኬጁ ላይ ያለችውን «ቲ» የምትል ቁልፍ ተጫኚ፣ ወዲያው መውደቅ አለባት፣ ይሄን በየወሩ አድርጊ። ሳጥኗ እንደገና ቀይ ካበራች ደግሞ እመኛት፣ የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ሳይሆን ኧርዝ መለኪያ ያለውን ሰው ነው የምትጠሪው። ያንን የማድ ቤት ሶኬት ግን መኪናው ከሱ ወጣ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ሦስት ሳምንት ሲግል የከረመ ነው፣ ምጣዱን ከመሰካትሽ በፊት አስቀይሪው።